ኢቫኖቮን በአንድ ሰዓት አይታችሁ አትለፉ፤ ስለ አንዲት የቡልጋሪያ መንደርና ስለ ዙሪያዋ የተከፈተ የውይይት ክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቡልጋሪያ ሲነሳ በዚህ መድረክ ላይ የሚወራው ስለ ሶፊያ፣ ስለ ሪላ ገዳምና ስለ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ብቻ ነው። እኔ የማነሳው ከዳኑብ ወንዝ ዳር ካለችው ከሩሴ ከተማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኘው ስለ ኢቫኖቮ መንደር ነው። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶዎች ናቸው። ባቡር ጣቢያ አላት፣ ጓሮው ሁሉ ወይንና ቲማቲም ነው። ከመንደሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ግን መሬቱ በድንገት ይሰነጠቃል። የሩሴንስኪ ሎም ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ጥልቅ ሸለቆ ሠርቷል። በዚያ ገደል ላይ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት አብያተ ክርስቲያናትን፣ በኣቶችንና ጸሎት ቤቶችን ፈልፍለው ኖረውበታል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አስጎብኚዎች ከቡካሬስት ወደ ቬሊኮ ታርኖቮ ሲነዱ ቦታውን የአንድ ሰዓት ማረፊያ ያደርጉታል። ሰው ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ይህ ለቦታው አይገባውም። ኢቫኖቮ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሊታደርባት የሚገባ መንደር ናት፤ ዙሪያዋ ያለው ነገር ብዙ ነው። በጥቅምት እናቴን ይዤ ልመለስ አስቤአለሁ። አካባቢውን የምታውቁ፣ ምኑን አትለፊ ትላላችሁ? አረጋውያን ይዛችሁ የሄዳችሁስ እንዴት አደረጋችሁ?

መልሶቹ እንደመጡበት ቅደም ተከተል

መልስ 1 ከቡካሬስት ነው። ጸሐፊዋ በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ ከእሷ ከተማ እስከ ሩሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነ፣ በ1954 የተከፈተውን የዳኑብ ድልድይ ከተሻገሩ ቡልጋሪያ እንደሚገባ ገለጸች። አማቷን ይዛ ሄዳ ኖሮ ምክሯ ከልምድ የወጣ ነበር። ወደ ዋናው ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱና ደረጃው ጉልበት ይፈትናል፤ ስለዚህ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በየመሀሉ እያረፉ መውጣት ይሻላል። ባሳርቦቮ ገዳም በሩሴና በኢቫኖቮ መካከል ስለሚገኝ መጀመሪያ እዚያ ጎራ እንድንል መከረች። ለእናቴ የሚሆን ዱላም አትርሺ አለችኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሲገኝ ክር መክፈት ደስ ይላል።

መልስ 2 ከፍራንክፈርት የመጣ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ይዞ ድንበሩ ላይ ችግር ይገጥማል የሚል። መልስ 3 ወዲያው አረመው። ቡልጋሪያና ሩማንያ ከ2024 መጋቢት ጀምሮ በአየርና በባሕር፣ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በየብስም ሙሉ በሙሉ ወደ ሸንገን፣ ማለትም ያለ ድንበር ፍተሻ ወደሚታለፍበት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና፣ ገብተዋል። ድልድዩ ላይ ሰዓታት መሰለፍ ድሮ ቀረ። ይኸው ሰው ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የአገሩ ገንዘብ ሌቭ ቀርቶ በዩሮ መገበያየት እንደተጀመረም አከለ። የመልስ 2 ባለቤት አመስግኖ ዝም አለ፤ ነገሩ እዚያው ተዘጋ።

በመልስ 4 ላይ ነው ውይይቱ የሞቀው። አንድ ወንድም ፎቶዎቹን አይቶ ቦታውን የቡልጋሪያ ላሊበላ ብሎ ሰየመው፤ እንዲያውም እነሱ ከእኛ ቀድተው ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። በቅንነት የተጻፈ ነው። መልስ 5 የጻፉት ግን በገርዓልታ ገዳማት ያገለገሉ አባት ነበሩ፤ በጨዋ ቃል ለዩት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አለቱን ከላይ ወደ ታች ጠርበው፣ ዙሪያውን ከአለቱ ለይተው፣ እንደ ሕንፃ ያቆሟቸው ናቸው። የኢቫኖቮዎቹ በገደል ወገብ ላይ ያሉ ዋሻዎች ናቸው፤ ከውጭ ለሚያይ ቀዳዳ እንጂ ሕንፃ አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚቀርበው ካለ አቡነ የማታ ጉሕ ነው፤ እሱም በገደል ላይ ነው፣ ውስጡም በሥዕል የተሸፈነ ነው። መቅዳት የሚባለው ነገር ግን ምንም ማስረጃ የለውም አሉ፤ ባሕታዊ ጸጥታ ሲፈልግ ገደል መፈለጉ በግብፅም በቀጰዶቅያም የታየ ነው።

እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ደግሞም ከዚህ በላይ መባል አለበት። ኢቫኖቮን የላሊበላ ታናሽ ወንድም አድርጎ የሚያይ ሰው ደርሶ የሕንፃ ጥበብ ፈልጎ ያጣል፣ ቅር ይለዋል። የኢቫኖቮ ሀብት ሥዕሉ ነው። የገዳሙ መሥራች ዮአኪም የሚባል መነኩሴ ነበር፤ ዝናውን የሰማው ንጉሥ ኢቫን አሰን ዳግማዊ ወርቅ ሰጥቶ ገዳሙን አስፋፋ። የቡልጋሪያ ፓትርያርክነት በ1235 ሲታደስ ይኸው ዮአኪም ፓትርያርክ ሆነ። ገዳሙ በገነነበት ዘመን አርባ ያህል አብያተ ክርስቲያናትና ሦስት መቶ ገደማ ሌሎች ክፍሎች ነበሩት ይባላል፤ አብዛኞቹ ፈርሰዋል። ዛሬ ሰው የሚወጣበት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ፣ 16 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ዋሻ ነው። ጣሪያው ዝቅተኛ በመሆኑ ሥዕሉ ፊት ለፊት ይመጣል። የሕማማት ሳምንት ታሪክ በሙሉ እዚያ አለ፦ የእግር አጠባው፣ የመጨረሻው እራት፣ የጌቴሴማኒ ጸሎት፣ የጴጥሮስ ክህደት፣ ይሁዳ ብሩን መልሶ ሲታነቅ። ሥዕሎቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ የንጉሥ ኢቫን አሌክሳንደር ዘመን ሥራ ናቸው፤ የንጉሡም ምስል ግድግዳው ላይ አለ። ይህን ቆም ብሎ ለማየት አንድ ሰዓት አይበቃም ያልኩት ለዚህ ነው።

መልስ 6 አዲስ አበባ ካለች ሠዓሊ መጣ። ትኩረቷ በሰውነት አሳሳሉ ላይ ነበር። የእኛ ጥንታዊ ሥዕል ቅዱሱን ፊት ለፊት፣ ዓይኑን አስፍቶ፣ ያለ ጥላ ያቆመዋል፤ በኢቫኖቮ ግን ሰዎቹ ይጎነበሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ጡንቻቸው በብርሃንና በጥላ ይወጣል፤ ከበስተጀርባቸው ዓለትና ሕንፃ አለ። ይህ የባይዛንታይን የመጨረሻ ዘመን አሳሳል ከጥንታዊ ግሪክ የወረሰው ነው ብላ አስረዳች፤ ዓምድ ተሸክመው የተሳሉ ራቁት ምስሎችም እንዳሉ ጠቆመች። ከክሩ ሁሉ የተማርኩበት መልስ ይህ ነው።

መልስ 7 በራቁት ምስሎቹ ነገር ተቆጣ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መሳሉ ነውር ነው፣ እናትን ይዞ መሄድም አይገባም አለ። ሠዓሊዋ በመልስ 8 አጥብቃ መለሰች፤ ቦታውን ሳያዩ፣ ምስሎቹ የት እንዳሉና ለምን እንደተሳሉ ሳይጠይቁ ስድስት መቶ ዓመት የቆየ የመነኮሳት ሥራን ነውር ማለት ድፍረት ነው አለችው። ምስሎቹ ትናንሽ ጌጦች ናቸው፤ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ እናቴም ታያቸዋለች።

በመልስ 9 ክሩን ያለዘቡልን አንድ ጋሼ ናቸው። በደርግ ዘመን ቡልጋሪያ ተልከው ከተማሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። መጀመሪያ ሶፊያ ቋንቋ ተምረው፣ ከዚያ ሩሴ ባለው ከፍተኛ ተቋም የእርሻ ሜካናይዜሽን አጠኑ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጎርና ኦርያሆቪትሳ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረው ኢቫኖቮ ይወርዱ ነበር። በዚያን ጊዜ የቡልጋሪያ መንግሥት ሃይማኖትን የማይወድ በመሆኑ ዋሻዎቹ የሚነገርላቸው በታሪክ ቅርስነት ብቻ ነበር። አንዲት የመንደሩ አሮጊት ግን እነዚህ ጥቁር ልጆች ገደሉ ጋ ደርሰው ሲያማትቡ አይተው ቤታቸው አስገብተው ዳቦ፣ ነጭ አይብና ቲማቲም አቀረቡላቸው። ከዚያ በኋላ በሄዱ ቁጥር ሳይጠይቋቸው አያልፉም ነበር። ጋሼ የሴትየዋን ስም አልጻፉም፤ መንደሩ ውስጥ ቤታቸው የት እንደነበር ግን በዝርዝር ነገሩኝ፣ ስሄድ ቤቱን እንድጎበኝላቸው።

ከዚህ በኋላ ከመልስ 10 እስከ 13 የቡልጋሪያ ምሩቃን ናፍቆት ሆነ። አንዱ በቀዝቃዛ እርጎ፣ በዱባ መሰል ኪያር፣ በነጭ ሽንኩርትና በለውዝ ዓይነት ፍሬ የሚሠራውን ታራቶር አነሳ፤ ሌላዋ በአይብ የሚጋገረውን ባኒትሳ። አንድ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ገብቶ እርጎውን የሚያረጋውን ባክቴሪያ በ1905 ለይቶ ያገኘው ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ቡልጋሪያዊ ሐኪም እንደሆነ አስረዳ። መልስ 13 በጾም ወቅት ምን እንደሚበላ ጠየቀ፤ ጋሼ ሕዝቡ ኦርቶዶክስ ስለሆነ የጾም ምግብ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የባቄላ ሾርባና በአትክልት የተሞላ ቃሪያ አይጠፋም አሉ። ርዕሱ ስለሸሸ ወደ መንደሩ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

መልስ 14 የመለሰልን ስቱትጋርት የሚኖር ሲቪል መሐንዲስ ነው። ቸርቨንን ሳያዩ እንዳይመለሱ አለ። ቸርቨን በቸርኒ ሎም ሸለቆ፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ከፍታ ላይ የነበረ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ነው። ከሁለተኛው የቡልጋሪያ መንግሥት ታላላቅ ከተሞች አንዱና የጳጳስ መቀመጫ ነበር። በ1388 ኦቶማኖች ያዙት። ዛሬ የግንቡ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የቤቶቹ መሠረት ቀርቷል። መሐንዲሱን ያስደነቀው ግን 12 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ግንብ ነው፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሆኖ እስካሁን ቆሟል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቬሊኮ ታርኖቮ የሚገኘውን የባልድዊን ግንብ መልሰው ሲሠሩ አርአያ ያደረጉት ይህን ነው። ከታች ከመንደሩ ጀምሮ ያለው ዳገት ጫማ ይፈልጋል። እናቴ ከታች ከመንደሩ ሆነው እኔ ብቻ እንድወጣ መከረ፤ እንዲህ ላደርግ ወስኛለሁ።

መልስ 15 ኦርሎቫ ቹካ ስለሚባለው ዋሻ ነበር። ፔፔሊና ከሚባል መንደር አጠገብ ነው፤ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም በቡልጋሪያ ሁለተኛው ረጅም ዋሻ ነው። ጎብኚ የሚገባው በጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች ያንቀላፉበታል፤ በዚያ ጊዜ መረበሽ አይገባም።

መልስ 16 ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። የአእዋፍ ተመራማሪ የሆነች እህት የሎም ሸለቆ በ1970 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ መደረጉን ገልጻ፣ በገደሎቹ ላይ ከሚራቡት አእዋፍ መካከል ትንሹን ነጭ ጥንብ አንሳ ጠቀሰች፤ ፊቱ ቢጫ፣ ጅራቱ እንደ ሽብልቅ የሾለ። ይህ ወፍ በባልካን አገሮች ሁሉ ተሰብስቦ ጥቂት አሥሮች ጥንድ ብቻ ቀርቷል። በጋውን ቡልጋሪያ ከርሞ በመስከረም አካባቢ በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ አድርጎ ወደ አፍሪካ ይወርዳል። በጀርባቸው ላይ መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች ከደረሱባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ በክረምታቸው ወራት በአፋር በብዛት ይሰበሰባሉ። በመንገድ ላይ የሚገድላቸው መርዝና መከላከያ የሌለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ስለዚህ የቡልጋሪያ ጥበቃ ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር አብረው ይሠራሉ። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ነገር ለሚፈልጉት ለመልስ 4 ባለቤት፣ እውነተኛው ይኸውላቸው። አፋር የተወለደ አንድ አባል በመልስ 17 ወፉን ከልጅነቱ እንደሚያውቀው፣ ከየት እንደሚመጣ ግን ዛሬ ገና እንደሰማ ጻፈ።

ከዚያ ወደ ባሳርቦቮ መጣን፤ ክሩም እዚያ ላይ ከረረ። መልስ 18 የቡካሬስቷ እህት ተመልሳ የቅዱስ ዲሚትሪን ታሪክ ተረከች። የመንደሩ የከብት እረኛ ነበር። አንድ ቀን በሣር ውስጥ ያለ የወፍ ጎጆ ሳያይ ረግጦ ጫጩቶቹን ገደላቸው። በዚህ አዝኖ ያን እግሩን ሦስት ዓመት፣ በጋ ከክረምት፣ ያለ ጫማ ቀጣው። በኋላም መንኩሶ በዋሻው ኖረ። ዘመኑን አንዳንዶች 13ኛው፣ ሌሎች 17ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። ገዳሙ በኋላ ተፈትቶ ቆይቶ በ1937 አንድ መነኩሴ መጥቶ አቀናው፤ ዛሬ በቡልጋሪያ መነኩሴ ያለበት የዋሻ ገዳም እሱ ብቻ ነው። የቅዱሱ ዐፅም ግን እዚያ የለም። በሩሲያና በቱርክ ጦርነት መጨረሻ፣ በ1774፣ የሩሲያ ጦር ይዞት ሲያልፍ ሕዝቡ ለምኖ ቡካሬስት ቀረ። ቅዱሱ የከተማዋ ጠባቂ ሆኖ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰለፍለታል።

መልስ 19 ይህን ሲያነብ ነደደው። ዐፅሙ የተወለደበት መንደር መመለስ አለበት፣ ሩማንያ የያዘችው እንግሊዝ በ1868 ከመቅደላ የዘረፈችንን ታቦታት እንደያዘችው ነው አለ። መልስ 20 ከቡካሬስት በቁጣ መጣ፦ መቅደላ በጦር ተዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ የተጫነ ንብረት ነው፤ ይህ ግን ሕዝቡ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄድ ለምኖ ያስቀረው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያከበረው ቅዱስ ነው፤ ሁለቱን ማመሳሰል የመቅደላን ክስ ያቀላል። መልስ 19 ተመልሶ ስለ ቡካሬስት ነዋሪዎች የማይገባ ቃል ጻፈ፤ የመድረኩ አወያይ ያን መልስ አነሳው። እኔ ከቡካሬስቷ እህት ጋር ነኝ። የመቅደላ ጉዳይ እያንገበገበን ሳለ ከማይመስለው ነገር ጋር ስናጣብቀው ራሳችንን እንጎዳለን። በ1918 የቡልጋሪያ ወታደሮች ዐፅሙን ሊወስዱ ሞክረው ሩማንያውያን ዳኑብ ሳይሻገሩ እንዳስመለሱ የጨመረው መልስ 21 ደግሞ ነገሩ በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ ገና ትኩስ መሆኑን አሳየ።

መልስ 22 የገርዓልታው አባት ናቸው፤ ሁሉንም አረጋጉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን እዚያ ገብቶ መጸለይ፣ ጧፍ ማብራት፣ ሥዕሉን መሳለም ይችላል፤ ከ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ግን አብያተ ክርስቲያናቱ በቅዱስ ቁርባን አንድ ስላልሆኑ ሥጋውን ደሙን አይቀበልም፤ ይህንንም ለመነኮሳቱ በትሕትና መንገር ይገባል። እናቴ የሚጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ስለሚሆን በጣም አመሰገንኳቸው።

መልስ 23 ከሚላኖ ነው፤ አጭርና ጎምዛዛ። በባዶ መንደር ሁለት ሌሊት ምን ይሠራል፣ ወጣቱ ሁሉ ወደ ጀርመንና እንግሊዝ ሄዶ አሮጊትና ድመት ብቻ የቀረበት አገር ነው አለ። መመናመኑ እውነት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዘጠኝ ሚሊዮን ሊሞላ የተቃረበው የቡልጋሪያ ሕዝብ በ2021 ቆጠራ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆኗል፤ በሰሜን ያሉ መንደሮች ደግሞ ከሁሉ ተጎድተዋል። ግን ለዚህ ነው እዚያ ማደር ያለብን። አውቶቡሱ ቆሞ ሲሄድ ለመንደሩ አንድ ሳንቲም አይቀርም። የሚያድር ሰው አልጋ ይከራያል፣ ዳቦ ይገዛል፣ እራት ይበላል። ይህን ስመልስለት ድምፄ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ግን ለእነዚያ ሰዎች ግድ ይለኛል። ጋሼም ከእኔ ጋር ቆሙ፦ ሰው ስላነሰ መንደር አይናቅም አሉት።

ከመልስ 24 እስከ 27 ያሉት የጉዞ ዝርዝሮች ናቸው። የዋሻዎቹን መግቢያ የሚያስተዳድረው የሩሴ ክልል ታሪክ ሙዚየም ስለሆነና በክረምት ስለሚዘጋ ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። የቅዱስ ዲሚትሪ በዓል በባሳርቦቮ የሚከበረው በጥቅምት 26 በፈረንጅ፣ በእኛ ጥቅምት 16 ነው። እኛም ቀኑን በዚህ አስተካከልን፦ መጀመሪያ ባሳርቦቮ ለበዓሉ፣ በማግሥቱ ጠዋት የኢቫኖቮ ዋሻዎች፣ ከሰዓት ቸርቨን። የቡካሬስቷ እህትም ከአማቷ ጋር በበዓሉ ዕለት ገዳሙ ልታገኘን ቃል ገብታለች።

እስካሁን መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከሩሴ የሚነሳው የመንገደኛ ባቡር በበዓል ቀን ኢቫኖቮ ጣቢያ ይቆማል ወይ? በቅርቡ የሄደ ካለ እዚሁ ከታች ይጻፍልኝ።